የበሬ ቆሽትና የተዘጋው መንገድ

ነሐሴ 14 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ መቐለ

ከአሥመራ የሚመጣው ካሚዮን ዛሬም አልገባም። ባለቤቴ ከፋለ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ባርኔጣውን ሳይሰቅል ፊቱን አየሁና ሳልጠይቀው ተረዳሁ። የመድኃኒት ክፍሉን የያዘው እሱ ስለሆነ ሕመምተኛው ሁሉ የሚጮኸው በእሱ ላይ ነው። ሌላው መድኃኒት ቢዘገይ ይዘግይ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ኢንሱሊኑ ነው። ደሴ ሳለን የስኳር በሽታ ከያዘው ወዲህ ጠዋት ጠዋት መርፌውን ሳይወጋ ውሎ አያውቅም። እዚህ አገር ይህን መርፌ የሚወጉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ እሱ ነው፤ ሁለተኛዋ የወሎየው የሥጋ ነጋዴ የጠሃ ልጅ ዘሃራ ናት።

«በቂ አለ» አለኝና ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ በሞላው ገንቦ ውስጥ መልሶ ቀበረው። በቂ አለ ካለ በቂ አለ ማለት ነው።

ነሐሴ 19

ዛሬ ተቆጣኝ። አሸዋውን በውኃ ላርስ ብዬ ብልቃጡን አውጥቼ መስኮት ላይ ረስቼው ኖሮ ፀሐይ ሊያገኘው ጥቂት ሲቀረው ደረሰ። ከፋለ የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ ወዲያው አዘነና አጠገቡ አስቀምጦ አስረዳኝ።

ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው አለ። ሥጋም፣ እንቁላልም፣ የራስ ጠጉርም ከዚያው ዘር ናቸው። ዓይን የማያያቸው ዶቃዎች በክር እንደተሰኩ ሆነው ይያያዛሉ፤ ክሩ ደግሞ ተጠቅልሎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚሠራው በቅርጹ ነው። ሙቀት ካገኘው ቅርጹ ይፈታል።

«የእንቁላል ነጩን መጥበሻ ላይ አይተሽው የለም? ከረጋ በኋላ ብታቀዘቅዢው ወደ ውኃነቱ ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ታዲያ ለምን አትጠጣውም? መርፌው ይቀርልህ ነበር» አልኩት።

ሳቀ። «ሆድ ሥጋ መሆኑን እንጂ መድኃኒት መሆኑን በምን ያውቃል? ፈጭቶ ይበላዋል።»

እንጀራም ስኳር ነው አለኝ፤ ሰንሰለት ሆኖ የተያያዘ፣ ምላስ የማያውቀው ስኳር። ሆድ ሰንሰለቱን በጥሶ ወደ ደም ይሰደዋል። ደም ውስጥ የገባው ስኳር ግን ደጅ ጠኚ ነው፤ እልፍኝ አስከልካዩ ካላስገባው ደጅ እንደቆመ ይቀራል። እልፍኝ አስከልካዩ ኢንሱሊን ነው። ሰውየው በልቶ በልቶ የሚከሳው ለዚህ ነው። ዘሃራ ስትመጣ ክንዷ እንደ ሸምበቆ ነበር አለ። የእሷን ነገር ሳያነሳ አንድ ወሬ አይጨርስም።

ነሐሴ 25

ምሳውን ይዤለት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ረሒማ፣ የጠሃ ሚስት፣ ልጇን ይዛ ተቀምጣለች። ነገ ረመዳን ይገባል፤ ልጅቷ «እኔም እጾማለሁ» እያለች ትጨቃጨቃለች። ከፋለ ክንዷን ይዞ «አንቺ ከጾምሽማ እኔም በሁዳዴ ሥጋ እበላለሁ» ሲላት እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። እሱም ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ቤት ውስጥ አይቼው አላውቅም። ቤታችን ጸጥ ያለ ነው። ጸጥታ ጥሩ ነገር ነው።

ስወጣ በሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ለጎረቤቱ «የመንግሥት ሰው ምን ይጎድልበታል» ሲል ሰማሁ። እያየሁት ነው ያለው።

ጳጉሜን 2

መንገዱ ተዘጋ። ሾፌሩ በእግሩ ገባ፣ ካሚዮኑ ተቃጠለ። የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ አስናቀ ሽፍቶች ናቸው ይላል። የቤታችን ባለቤት አደይ ለተብርሃን ደግሞ ወያነ ይሏቸዋል። እኔ ምንም አልልም። በገበያ አማርኛዬን ዝቅ አድርጌ መናገር ጀምሬአለሁ።

ጳጉሜን 5

እንዲህ ብዬ አልተናገርኩም፤ ጠየቅሁት እንጂ። መድኃኒቱ ለሁለት የማይበቃ ከሆነ ምን ታደርጋለህ ብዬ ነው የጠየቅሁት። ሚስት ይህን መጠየቅ አትችልም? እሱ ግን «ልጅቷን ልከልክላት ወይ እያልሽኝ ነው?» አለኝ። አላልኩም። ከሰው አፍ ያልወጣ ቃል ለምን በሰው ላይ ይለጠፋል?

ረሒማ ሌሎች ሦስት ልጆች አሏት።

ይህን ለምን ጻፍኩት?

መስከረም 1 ቀን 1936

አዲስ ዓመት። ሰፈሩ ቀዝቃዛ ነው፤ የሚዘፍን የለም። ከፋለ ውኃ ሲጠጣ ዋለ። በሱሪው ወገብ ላይ ስፌት ጨመርኩ፣ አሁንም ይወርድበታል። ጭንቀቱ ነው። ሰው ሁሉ ከስቷል። ትንፋሹ ደግሞ እንደበሰበሰ ፍሬ ይሸታል፤ አስናቀ ቤት አረቄ ቀምሶ ይሆናል። ባይቀምስም ሽታው የበዓሉ ነው።

መስከረም 6

ዐወቅሁ። ምናልባትም ከድሮ ዐውቄው ይሆናል።

መርፌውን ጠዋት ጠዋት የማፈላለት እኔ ነኝ። ዛሬ ወደ ጓዳ ስመለስ፣ ብልቃጡን ሳይነካ መርፌውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ሞልቶ ራሱን ሲወጋ አገኘሁት። ስንት ቀን እንደሆነ እንጃ፤ አልጠየቅኩም። የሐኪም ቤቱ ኢንሱሊን ካለቀ ሰንብቷል፤ የራሱን ብልቃጥ በደረት ኪሱ እየያዘ ሄዶ የሚወጋው ለዘሃራ ነው።

ጮህኩ። አደይ ለተ ከወዲያ ቤት «እንታይ ኮይንኩም? ምን ሆናችሁ?» እስኪሉ ድረስ ጮህኩ።

«የእኔ ሰውነት ጥቂት ያመነጫል፣ የእሷ ምንም የለውም» አለኝ። «እኔ እንጀራውን ትቼ በጎመንና በሥጋ እሰነብታለሁ። እሷ ያለዚህ ከሳምንት አታልፍም። ማዘንጊያ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እኔ ባል የለኝም ማለት ነው እንግዲህ» አልኩት። ቆሽቴ አሮ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

መስከረም 8

«ቆሽት» አለኝ ጠዋት። እያሾፈብኝ መሰለኝ።

ኢንሱሊን የሚወጣው ከቆሽት ነው። የፈረንጁም መድኃኒት የሚሠራው ከበሬና ከአሳማ ቆሽት ነው። ቆሽት ሲያር እንጂ ሲያድን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደሴ የነበረው ሐኪም የተወለት የጣልያንኛ መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩ በጥቂቱ አለ። የሚያስፈልገው ትኩስ ቆሽት፣ እስፒሪቶ የሚሉት አልኮል፣ ጥቂት አቼቶና ጨው ነው። እስፒሪቶው በሐኪም ቤቱ ጓዳ ሞልቷል። ጨው እንደሆነ መቐለ ከጨው ሌላ ምን አላት?

«ትኩስ ቆሽት ከየት?» አልኩት።

በጣቱ ወደ ገበያው አመለከተኝ። በከተማው በየቀኑ በሬ የሚጥለው ጠሃ ነው።

መስከረም 9

ጠሃ ከፋለን ሊያይ መጣ። ረጅም ነው፤ በራችንን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። እስክንነግረው ድረስ ከፋለና ዘሃራ የሚወጉት ከአንድ ብልቃጥ መሆኑን አያውቅም ነበር። ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ወላሂ አላወቅሁም፣ አቶ ከፋለ። ባውቅ እምቢ እል ነበር ልልህ አልችልም። ልጄ ናት። ግን አላወቅሁም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቆሽቱን በነጻ እሰጣለሁ፤ ችግሩ እሱ አይደለም። እኔ ቢስሚላህ ብዬ ነው የማርደው። የኔን ሥጋ አትበሉም፣ እኛም የናንተን አንበላም። ይኸ እባለቤትሽ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። ተቀብለሽዋል ወይ እህቴ? ኋላ ጠሃ አረከሰኝ እንዳትይኝ።»

ወደ ከፋለ አየሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ተቀብያለሁ» አልኩ።

የንስሐ አባቴን አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው መልስ ይሰጡኝ ነበር።

መስከረም 13

ከሸፈ። ጠሃ የሚያርደው ለማፍጠሪያ እንዲደርስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቆሽቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲያመጣልን ፀሐይ ሞቅ አድርጎታል። ከተፍኩት፣ በእስፒሪቶ ዘፈዘፍኩት፣ አጠለልኩት፣ መጽሐፉ እንዳለው ሁሉ አደረግን። ከፋለ መጀመሪያ በጥንቸል ሞከረው፤ ቢሠራ ኖሮ ስኳሯ አልቆ ትወድቅ ነበር። ጥንቸሏ ጎመኗን መብላት ቀጠለች።

ሽታው ወጥ ቤቱን ሞልቶታል። ሁለት ጊዜ ወጥቼ አስመለሰኝ። አደይ ለተ ገልመጥ አድርገው አዩኝና «ሽታው ብቻ አይመስለኝም፣ ጓለይ፣ ልጄ» አሉኝ። ሽታው ነው።

መስከረም 14

ከፋለ ሲያስብ አድሮ ነገሩን አገኘው። ቆሽት ሁለት ነገር ያመነጫል፤ አንዱ ኢንሱሊን፣ ሌላው ሆድ ውስጥ ሥጋ የሚያሟሟ ፈሳሽ። ያም ራሱ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን የሚቆርጥ ፕሮቲን። በሬው በሕይወት ሳለ አይነካካም። ከታረደ በኋላ ሞቅ ካለው ግን ቢላው ወንድሙን ይበላዋል፤ እኛ የከተፍነው ባዶውን ነው። ስለዚህ በሬው በብርድ ሰዓት ይታረድ፣ ቆሽቱም እዚያው እስፒሪቶ ውስጥ ይግባ።

ጠሃ ገበያውን ትቶ ጎህ ሲቀድ ላርድ አለ። በጾም ወር ጠዋት የታረደ ሥጋ ማን ይገዛዋል? «አብሽሪ» አለኝ ብቻ።

መስከረም 17

ማሰሮውን ይዤ ቄራው ሜዳ ላይ የቆምኩት ሰማዩ ሳይገልጥ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጠሃ «ቢስሚላህ» ሲል ፊቴን ወደ መድኃኔ ዓለም አዙሬ አማተብኩ። ቆሽቱን ሞቆ ሳለ ከእጁ ተቀብዬ እዚያው ማሰሮ ውስጥ ጨመርኩት።

እቤት ከተፋ፣ ማጥለል። እስፒሪቶውን በእሳት ማትነን አይቻልም፤ በሰፊ ሳህን አድርጌ ነፋስ ላይ አዋልኩት። ስቡን ገፈፍኩ። ከዚያ ጨው፣ ጨው፣ ጨው፤ ውኃው ከእንግዲህ አልጠጣም እስኪል። ነጭ አረፋ የመሰለ ነገር ወደ ላይ ወጣ። ከፋለ አልጋው ላይ ሆኖ ሳህኑን አስጠግቶ አየ።

«ውኃው ለጨው ቦታ ሲለቅ ፕሮቲኑን ገፍቶ አወጣው» አለ። «እሱ ነው።» አረፋውን ለይቼ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አሟሟሁት።

መስከረም 18

ጥንቸሏ ወደቀች! ተንፈራገጠች። የደስታ እልል ልል ስል ምስኪኗ እንደምትሞት ትዝ አለኝና ማር በጥብጬ አፏ ውስጥ አንጠባጠብኩላት። ተነሳች። ይሠራል ማለት ነው፤ ስኳሩን ከደሟ ጠርጎ አውጥቶታል።

የዘሃራም ብልቃጥ ዛሬ ተንጠፈጠፈ። ነገ ኢድ ነው።

መስከረም 20

«ለሰው ሳይሞከር ልጅ አይወጋም» አለ ከፋለ። ትንፋሹ እንደ ሯጭ ረዝሟል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሁለት ጊዜ በእናቱ ስም ጠራኝ። እጁ መርፌውን መያዝ ስላቃተው የወጋሁት እኔ ነኝ። ጭኑ ላይ። ባሌን በቆሽት ውኃ ወጋሁት። ብገድለው ለማን እነግራለሁ?

ሽንቱን ከሐኪም ቤት በመጣው ሰማያዊ ውኃ አፈላሁት። ይህ መፈተኛው ነው፤ ስኳር ካለበት እንደ ሸክላ ይቀላል፣ ከሌለበት ሰማያዊነቱ ይቆያል። ጠዋት ሸክላ ነበር። ቀትር ላይ ሸክላ። ከሰዓት በኋላ ቢጫ። ጀምበር ስትጠልቅ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ።

አረንጓዴውን ጠርሙስ ይዤ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

መስከረም 28

ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ወያኔዎቹ ከተማውን ይዘዋል። አስናቀ ሸሽቷል። አደይ ለተ በራችን ላይ ተቀምጠው ለሚጠይቀው ሁሉ «ደቀይ እዮም፣ ልጆቼ ናቸው» ይላሉ። ማንም አልነካንም። ሁለቱም በእኛ መድኃኒት ውለው ያድራሉ፤ ከፋለ ግን የተወጋበት ጭኑ አብጦ ትኩሳት ይዞታል። ያልጠራ ነገር ስለሆነ ነው። የዘሃራን ድርሻ ደጋግሜ ማጥለል ጀምሬአለሁ።

ጥቅምት 3

አውሮፕላን መጣ። ወያኔዎቹን ሲል ገበያው ላይ ቦምብ ጣለ። ገበያ የዋለ ሰው

አልችልም።

ጥቅምት 4

ከብት የሚያመጣ ገጠሬ የለም። ጠሃ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኮረብታው ዋሻ ሸሽቷል። የቀረን አንድ ትንሽ ብልቃጥ ነው። የከፋለ ሽንት ከትናንት ጀምሮ ሸክላ ነው፤ ትኩሳቱ ስኳሩን አባብሶታል። ለነገ ጠዋት አስቀምጬለታለሁ። ዘሃራን አላሰብኩም። አስቤ ነበር።

ጥቅምት 6

የትናንቱን ዛሬ እጽፋለሁ።

የከፋለን መርፌ እያፈላሁ ሳለ ረሒማ በሩን በርግዳ ገባች። ነጠላዋ ተቀዷል፣ እግሯ ደምቷል።

«ልጄ አልነቃም አለችኝ። ዋሻ ውስጥ መድኃኒቱ ተሰበረ። ዛሬ ጠዋት አውርደን እቤት አስተኝተናታል። እህቴ፣ በአላህ፣ በማርያምሽ...»

ብልቃጡ በእጄ ነበር። ከኋላዬ ደበቅሁት። እጄ ነው የደበቀው፤ እኔ አላዘዝኩትም።

ከፋለ ከአልጋው ላይ «ማዘንጊያ» አለ። ዞሬ አየሁት። አላዘዘኝም፣ አልለመነኝም። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት ነው፤ እሱ የሚፈራው እኔ የምመርጠውን ነበር።

«አደይ ለተ አጠገብህ ይሆናሉ» አልኩት። እኩሌታውን ወጋሁለት፤ ለእሱ ሕመም ምንም ያህል አልነበረም። ቀሪውን ይዤ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ሰው የለም። ግማሽ እንደሄድን የአውሮፕላን ድምፅ መጣ፤ ረሒማ እጄን ጎትታ ቅጥር ሥር ጣለችኝና በላዬ ተኛችብኝ። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። አለፈ።

ዘሃራ አፏን ከፍታ በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ ያው የበሰበሰ ፍሬ ሽታ። ጠሃ ራስጌዋ ተንበርክኮ ቁርአን ይቀራል። ወጋኋት። ይህ ብልቃጥ ከሌላው ይጠንክር ይድከም አላውቅም፤ የሞከርኩበት ጥንቸል አልነበረም። ውኃ በማንኪያ እያጠጣኋት ተቀመጥኩ። ትንፋሿ ቀስ በቀስ አጠረ። «ሄደች» አለ ጠሃ። «አልሄደችም፣ እየተመለሰች ነው» አልኩት፤ ሳላውቅ ነው ያልኩት።

ወደ ማታ ላብ አጠመቃት፣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ረሒማ ጮኸች። እኔ ግን ያቺ ጥንቸል ትዝ አለችኝ።

«ማር! ማር አምጡ!»

ማር የለም። ጠሃ ሮጦ ከጎረቤት ክርስቲያን ቤት በጣሳ ይዞ መጣ። ድዷን በጣቴ ቀባሁት፣ ደጋግሜ ቀባሁት። መንቀጥቀጡ ቆመ። ዓይኗን ገለጠች፤ መጀመሪያ እናቷን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ራበኝ» አለች።

ጠሃ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ ቀረ። ረሒማ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ፤ ከዚያ እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እጄን በእጇ ላይ አደረግሁ።

ቤት ስመለስ ጨልሟል። በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ። ከውስጥ የአደይ ለተ ድምፅ ይሰማል፣ የእሱ አይሰማም። ገባሁ። የጭኑ እብጠት ፈንድቶ እሳቸው በሙቅ ውኃ እያጠቡለት ነው። ትኩሳቱ ወርዷል። ደክሞ መናገር አቅቶት በዓይኑ ጠየቀኝ።

«ራበኝ አለች» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ጥቅምት 9

ጠሃ እስከ ሩቅ ገጠር በእግሩ ሄዶ አንድ በሬ እየነዳ መጣ። ማሰሮዬን ይዤ ጎህ ሲቀድ ጠበቅሁት።

ኅዳር 8

መንገዱ ተከፍቶ ሌላ ካሚዮን ገባ። በገለባ የታሸጉት ብልቃጦች አንድም ሳይሰበሩ መጡ። ከፋለ በከዘራ እያነከሰ ሄዶ ሳጥኑን ራሱ ከፈተ። ለዘሃራ መጀመሪያ ወጋላት፣ ከዚያ ለራሱ፤ እኔ እያየሁ።

ማታ ጠሃ አንድ ሙክት ከነሕይወቱ እየጎተተ መጣ። «ይኸ ያንተ ነው አቶ ከፋለ፤ በእምነትህ እረድና ብሉ። እኛ ቆሎውን ይዘን እናጫውታችኋለን።» ከፋለ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ ባረከ። አንድ እግሩ ስለማይጠነክርለት በጉን አጥብቆ የያዘለት ጠሃ ነው። ረሒማ አጠገቤ ተቀምጣ ልጇ ቆሎውን በስስት ስትቆረጥም ትቆጣጠራለች።

ተገፎ ሲያልቅ ጠሃ እጁን ወደ ሆድ ዕቃው ሰደደና ቆሽቱን ቆርጦ አወጣ። ዘረጋልኝ።

ካሚዮኑ መጥቷል። ሳጥኑ ሙሉ ነው። ከፋለም ይህን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት «መንገዱ ዳግመኛ ቢዘጋስ?» አልኩት።

ተነስቼ ማሰሮውንና እስፒሪቶውን አመጣሁ።